በኳስ ቅብብል ውስጥ ያለ ማታለል፦ ተከላካዩ ምን ያነባል?

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የምናገረው ተመልካችን ከመቀመጫው ብድግ ስለሚያደርግ፣ አሰልጣኝን ግን ብዙ ጊዜ ፊቱን ስለሚያስጨፈግግ አንድ የጨዋታ ክፍል ነው። ይኸውም ኳስ የያዘ ተጫዋች ወደ አንድ ወገን የሚያቀብል መስሎ ወደ ሌላው ማቀበሉ፣ ወይም ጨርሶ የማያቀብል መስሎ ማቀበሉ፣ ወይም ደግሞ የሚያቀብል መስሎ ኳሱን ማስቀረቱ ነው። በእግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስ፣ በእጅ ኳስ፣ በመረብ ኳስ፣ በራግቢና በአሜሪካ እግር ኳስ ይህ ነገር በየመልኩ ይገኛል። ብዙዎች እንደ ጌጥ ይቆጥሩታል፤ «አብዶ ነው» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን በኳስ ቅብብል ውስጥ ያለ ማታለል ከሁሉ በፊት የጊዜ ጉዳይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ልብ ብሎ የማያይ ተከላካይ አይታለልም፤ ማታለል የሚሠራው የተጋጣሚውን እንቅስቃሴ በሚያነብ ተከላካይ ላይ ነው፤ ስለዚህ አቀባዩ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ምን እንደሚያነብ ነው።

የሰው ልጅ አንድን ምልክት አይቶ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ እስኪጀምር፣ ምልክቱ አንድ ብቻና አስቀድሞ የታወቀ ቢሆን እንኳ፣ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሊመጡ የሚችሉት ምልክቶች ሲበዙ ይህ ጊዜ እየረዘመ እንደሚሄድ ብሪታንያዊው ተመራማሪ ዊልያም ሂክ በ1952 አሳይቷል (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንግዲህ በእግር ኳስ ሜዳ ላይ በሰከንድ 15 ሜትር የሚጓዝ ኳስ 12 ሜትር ርቆ ለቆመ ጓደኛ ተላከ እንበል። ኳሱ ለመድረስ 0.8 ሰከንድ ይወስድበታል። ተከላካዩ ከዚህ ውስጥ 0.2 ሰከንዱን ለማየትና ለመወሰን ቢያጠፋ 0.6 ሰከንድ ይቀረዋል፤ በአማካይ በሰከንድ 4 ሜትር ቢንቀሳቀስ 2.4 ሜትር ይሸፍናል። አቀባዩ በማታለያ ሌላ 0.2 ሰከንድ ቢሰርቀው ግን የሚሸፍነው 1.6 ሜትር ብቻ ይሆናል። የጠፋችው 80 ሳንቲ ሜትር የአንድ የተዘረጋ እግር ያህል ናት፤ ኳስ መንገድ ላይ በመቆረጡና በማለፉ መካከል ያለው ልዩነትም ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ተከላካዩ ከዚህ አልፎ ወደ ተሳሳተው ወገን አንድ እርምጃ ከሄደማ ቆሞ መመለስም አለበትና ኪሳራው ይብሳል።

በዚህ ላይ ሌላ የሰው ተፈጥሮ ይጨመራል። ቻርልስ ቴልፎርድ በ1931 እንዳሳየውና ከእርሱ በኋላ የመጡት እንዳጠናከሩት፣ አንድ ሰው ለመጀመሪያ ምልክት ምላሽ መስጠት እንደጀመረ ወዲያው ሁለተኛ ምልክት ቢመጣበት፣ ለሁለተኛው የሚሰጠው ምላሽ ከወትሮው ይዘገያል። አእምሮው የመጀመሪያውን ሥራ ሳይጨርስ ሁለተኛውን በወጉ መቀበል አይችልም። አታላይ ቅብብል የቆመው በዚህች መዘግየት ላይ ነው። ማታለያው በተከላካዩ ዘንድ ለመታየት የሚበቃ ያህል መቆየት አለበት፤ ለመታረም የሚበቃ ያህል ግን መቆየት የለበትም። ወጣት ተጫዋቾች ላይ በብዛት የማየው ጉድለት የመጀመሪያው ነው። ትከሻቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ተከላካዩ ገና ሳያየው ኳሱን ይለቁታል፤ ያልታየ ማታለያ ደግሞ አቀባዩን ብቻ ያደክማል።

አሁን ወደ ዓይን ልምጣ፤ ምክንያቱም አታላይ ቅብብል ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሳያዩ ማቀበል ነው። በ1979 የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ሎስ አንጀለስ ሌከርስን የተቀላቀለውና 2 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ማጂክ ጆንሰን በፈጣን መልሶ ማጥቃት ጊዜ ፊቱን ወደ አንዱ ክንፍ አዙሮ ኳሱን ለሌላው በመስጠት ይታወቅ ነበር። በእግር ኳስም ዴንማርካዊው ሚካኤል ላውድሩፕ፣ ከ1989 እስከ 1994 በባርሴሎና ከዚያም በሪያል ማድሪድ ሲጫወት፣ ወደ ግራ እያየ ወደ ቀኝ የሚያሾልካቸው ኳሶች መለያው ሆነው ነበር። ሮናልዲንሆም ይህንኑ ስልት ከፈገግታው ጋር አዋህዶ ለአዲስ ትውልድ አሳየው።

እነዚህ ተጫዋቾች ግን ሳያዩ አላቀበሉም። አይተው ነበር፤ ልዩነቱ ያዩበት ሰዓት ላይ ነው። ኳሱ ወደ እነርሱ ከመድረሱ በፊት ጓደኞቻቸው የት እንዳሉና ወዴት እንደሚሮጡ ቃኝተው ጨርሰዋል፤ በማቀበያው ቅጽበት ዓይናቸው ለእነርሱ ትርፍ ስለሆነ ለተከላካዩ እንደ ወጥመድ ሊያውሉት ይችላሉ። ከዚህ የሚነሳ አንድ ጥብቅ አስተያየት አለኝ፦ አስቀድሞ መቃኘት ላልለመደ ተጫዋች ፊት አዙሮ ማቀበልን ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው። ዓይኑን ለማታለያ የሚያውስ ተጫዋች ዓይኑ ሥራውን ቀድሞ የጨረሰለት መሆን አለበት።

ዓይን ለምን ያታልላል? ሰው የሌላውን ሰው የዓይን አቅጣጫ የሚከተለው ሳያስብበት ነው። የሰው ዓይን ነጭ ክፍል ሰፊና ጎልቶ የሚታይ በመሆኑ ወዴት እንደምናይ ከሩቅ ይታወቃል። በ1998 ክሪስ ፍሪሰንና አለን ኪንግስቶን ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች በሥዕል የታየው ፊት የሚያይበት አቅጣጫ ምንም እንደማይጠቁም ተነግሯቸው እንኳ ትኩረታቸው ወደዚያው አቅጣጫ ሲሳብ ተገኝቷል። በ2011 ደግሞ ቪልፍሪድ ኩንደና ባልደረቦቹ ጉዳዩን ወደ ቅርጫት ኳስ አመጡት። ለተሳታፊዎቹ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያቀብል ተጫዋች ምስል አሳይተው፣ ጭንቅላቱን ችላ ብለው ኳሱ የሚሄድበትን ወገን ብቻ እንዲለዩ ጠየቋቸው። የተጫዋቹ ጭንቅላት ከኳሱ በተቃራኒ ሲዞር መልሳቸው ዘገየ፤ ስህተታቸውም በዛ። ማለትም «ዓይኑን አትመልከት» የሚለው የአሰልጣኝ ትእዛዝ ብቻውን ችግሩን አይፈታውም፤ ተከላካዩ ላለማየት እየታገለም ያያል።

በአሜሪካ እግር ኳስ ነገሩ ከዚህም ይረቅቃል። በዚያ ጨዋታ ቀጠና የሚከላከሉት የኋላ ተጫዋቾች የኳርተርባኩን፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ተጫዋች ዓይን እንዲያነቡ ሆን ተብሎ ይሠለጥናሉ፤ እርሱ ወደሚያይበት ወገን መሳባቸው ሥራቸው ነው። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ በታኅሣሥ ወር 2018 ካንሳስ ሲቲ ከባልቲሞር ጋር ባደረገው ግጥሚያ ፊቱን ወደ አንድ ወገን አድርጎ ኳሱን ወደ ሌላ ሲወረውር ብዙዎች ድፍረቱን አደነቁ። እኔ የማደንቀው የአንባቢውን ምርጫ ነው፤ ዓይኑን ሊያነብ በሠለጠነ ሰው ላይ ዓይኑን ተጠቀመ።

ሁሉም ተከላካይ ግን ዓይን አያነብም። ሴባስቲያን ብሮና ባልደረቦቹ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ የራግቢ ተጫዋቾችና ጀማሪዎች በኮምፒውተር በተፈጠረ ሜዳ ላይ አታልሎ ሊያልፋቸው የሚመጣ አጥቂ ገጠማቸው። ጀማሪዎቹ በአጥቂው የጭንቅላትና የላይኛው አካል እንቅስቃሴ ተወሰዱ። ልምድ ያላቸው ግን ዘግየት ብለው የሰውነቱ ክብደት በእርግጥ ወዴት እንደሚሄድ ተከተሉ። ትከሻን ማንም እንደፈለገ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ የሰውነት ክብደት ያረፈበት ወገብና ዳሌ ግን መሄጃውን ለመደበቅ አይመችም። ጥናቱ ስለ ማለፍ እንጂ ስለ ማቀበል አልነበረም፤ ሆኖም ለማቀበልም የሚሆን ትምህርት ያለው ይመስለኛል። በጀማሪ ላይ ዓይን ይበቃል፤ በመካከለኛ ላይ ትከሻ ይጨመራል፤ በበሰለ ተከላካይ ላይ ግን ዳሌ ካልዋሸ ሌላው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ታላላቅ የእግር ኳስ አማካዮች ሰውነታቸውን በሙሉ ወደ ክንፍ ከፍተው፣ የቆመው እግራቸውም ወደዚያው እያመለከተ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት በቁርጭምጭሚት መታጠፍ ብቻ ኳሱን ወደ መሐል የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ይህ ከጉልበት ይልቅ የመገጣጠሚያ ቅልጥፍና ይጠይቃል፤ ርቀት ሲጨምር ስለሚከብድም በአብዛኛው የሚሠራው በአጭርና በመካከለኛ ቅብብል ነው።

እስካሁን ያነሳሁት የሐሰት ምልክት ስለ መስጠት ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም ምንም ምልክት አለመስጠት ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ የማደላው ለዚህኛው ነው። የዚህ ትምህርት ቤት መረብ ኳስ ነው። ሁለተኛውን ንክኪ ወስዶ ለመቺዎቹ ኳስ የሚያመቻቸው ተጫዋች 9 ሜትር በሚሰፋው ሜዳ ላይ መረቡ አጠገብ ቆሞ ኳሱን ወደ ፊቱ፣ ወደ መሐል ወይም ወደ ጀርባው ሊልክ ይችላል። ከመረቡ ማዶ የሚጠብቁት ከላይ ለመከላከል የሚዘሉ ሦስት የፊት መስመር ተጫዋቾች ናቸው፤ በተለይ የመሐለኛው ወዴት መሮጥ እንዳለበት ለመወሰን የአመቻቹን ጀርባ፣ ክርንና የእጅ አንጓ ይመረምራል። ጀርባው ቀደም ብሎ ወደ ኋላ ከተለመጠ ኳሱ ወደ ኋላ ነው፤ ኳሱን ከግንባሩ ፊት ከተቀበለው ወደ ፊት ነው። ጎበዙ አመቻች ስለዚህ ለሦስቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት አቋም ይይዛል፤ ሁልጊዜ ከኳሱ ሥር በአንድ ቦታ ይደርሳል፣ በአንድ ከፍታ ይቀበላል፣ አቅጣጫውን የሚለየውም በጣቶቹና በአንጓው የመጨረሻ ግፊት ብቻ ነው። እዚህ ማንም አልዋሸም። ተከላካዩ እውነቱን የሚያገኘው ኳሱ ከጣት ከተለየ በኋላ ብቻ በመሆኑ ግን ፈጣኑ የመሐል ምት ሲመጣ የመሐለኛው ዝላይ ይዘገያል፤ ወይም ደግሞ ተከላካዩ በግምት ይዘልና መቺውን በክንፍ በኩል አንድ ሰው ብቻ ይጠብቀዋል።

የመረብ ኳስ ሕግ ይህን ጨዋታ የበለጠ ያጣፍጠዋል። አመቻቹ በፊት መስመር ላይ ያለ ጊዜ ሁለተኛውን ኳስ ለጓደኛው የሚያነሳ መስሎ በራሱ እጅ ወደ ማዶ ሊጥለው ይችላል። በኋላ መስመር ተራው ጊዜ ግን በፊት ቀጠና ውስጥ ሆኖ ከመረቡ በላይ ያለን ኳስ ወደ ማዶ መላክ ለእርሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ ነቅቶ የሚጫወት ተከላካይ ጨዋታው የሚጀመርበት ኳስ (ሰርቭ) ከመመታቱ በፊት አመቻቹ በየትኛው መስመር እንዳለ ያረጋግጣል፤ በኋላ መስመር ከሆነ የእርሱን ዝላይ ችላ ብሎ መቺዎቹን ይጠብቃል። የእጁ እንቅስቃሴ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ ተከላካዩ እንዲያምነው የሚያደርገው ሕጉ የሚፈቅድለት ነገር ነው።

ይህም ወደ ማመን ጉዳይ ያደርሰናል። ማታለያ የሚታመነው ሊሆን የሚችል ነገር ሲያሳይ፣ ያም ነገር ቢሆን ተከላካዩን ውድ ዋጋ የሚያስከፍል ሲሆን ነው። በእጅ ኳስ ከ9 ሜትር አካባቢ ዘሎ ክንዱን የሚያነሳ ተጫዋች የታወቀ መቺ ከሆነ ተከላካዩ ወደ ፊት ወጥቶ ሊጋርደው ይገደዳል፤ ያን ጊዜ በ6 ሜትሩ መስመር ላይ የተተወው ጓደኛው በተከላካዩ ክንድ ሥር የሚያልፍ ኳስ ይደርሰዋል። ከሩቅ ግብ አስቆጥሮ የማያውቅ ሰው ይህን ቢያደርግ ግን የሚወጣለት ተከላካይ የለም። በአሜሪካ እግር ኳስም ኳርተርባኩ ኳሱን ለሯጩ የሚሰጥ መስሎ አስቀርቶ ሲወረውር፣ የተከላካዮቹ ወደ ፊት መሳብ የሚመጣው ሩጫው ራሱ ስለሚያስፈራቸው ነው። በራግቢም እንዲሁ፦ ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች በግራም በቀኝም ሊያቀብል ስለሚችል የማቀበል ማስመሰሉ ይታመናል፤ በአንድ ክንድ ሥር ወሽቆት የሚሮጥ ግን ሐሳቡን ቀድሞ ተናግሯል።

በእግር ኳስ ታሪክ ለዚህ የማይረሳው ምሳሌ በጥር ወር 2010 ሪያል ማድሪድ ከዲፖርቲቮ ላ ኮሩኛ ጋር ሲጫወት የታየው ነው። ጉቲ ግብ ጠባቂውን ፊት ለፊት አግኝቶ ለማስቆጠር ሁሉ ነገር ተመቻችቶለት ሳለ ኳሱን በተረከዙ ወደ ኋላ ለቤንዜማ ሰጠው፤ ቤንዜማም በባዶው ግብ አስቆጠረ። ያ ቅብብል የሠራው በዚያ ቦታ የሚቆም ማንኛውም አስተዋይ ተጫዋች ወደ ግብ ስለሚመታ ነው። ግብ ጠባቂው ሞኝ አልነበረም፤ እንዲያውም ትክክል ነበር።

ኳሱን ሳይነኩ ማታለልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በ1970 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ፔሌ ከቶስታኦ የተላከለትን ኳስ ሳይነካ በኡራጓዩ ግብ ጠባቂ ማዙርኪየቪች በአንድ ጎን እንዲያልፍ ትቶ እርሱ በሌላው ጎን ዞረ፤ ምቱ ለጥቂት ወደ ውጭ ወጣ እንጂ ግብ ጠባቂው ሙሉ በሙሉ ተሸውዶ ነበር። በ2002 ዮኮሃማ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ደግሞ ክሌበርሰን ያሻገረውን ኳስ ሪቫልዶ የሚመታ መስሎ በእግሮቹ መካከል አሳለፈው፤ ከኋላው የነበረው ሮናልዶ ተቀብሎ በ79ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን ግብ ጀርመን ላይ አስቆጠረ። ሪቫልዶ በዚያ ቅብብል መዝገብ ላይ ስሙ የለም፤ ተከላካዩን ወደ ራሱ የሳበው ግን እርሱ ነው።

የጓደኛ ጉዳይም አለ። ማቀበል የሁለት ሰው ሥራ ስለሆነ ተከላካዩን የሚያታልል ምልክት ተቀባዩንም ሊያታልል ይችላል። በ1950ዎቹ ለቦስተን ሴልቲክስ የተጫወተውና ለስምንት ተከታታይ የውድድር ዓመታት የአሜሪካን ሙያዊ የቅርጫት ኳስ ሊግ ለግብ በሚያበቃ ቅብብል የመራው ቦብ ኩዚ፣ ከጀርባው ዞሮ የሚወጣ ኳስ ከተአምር ወደ መደበኛ ሥራ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይቷል፤ ይህ የሚሆነው ግን አብረውት የሚሮጡት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ሲጠብቁ ብቻ ነው። በሥልጠና ላይ ብዙ አሰልጣኞች ኳስ ሲበላሽ አቀባዩን ብቻ ሲወቅሱ እሰማለሁ። እኔ ተቀባዩንም እጠይቃለሁ፦ «ጓደኛህ ፊቱን ሲያዞርብህ ለምን ሩጫህን አቆምህ?» አቀባዩ ያላየው መስሎ ሲታይ የሚቆም ተቀባይ ካለ ማታለያው የሠራው በገዛ ቡድኑ ላይ ነው።

ሕጎቹ ለማታለል የሚያሰምሩት ወሰን ለብቻው ትኩረት ይገባዋል። በሰውነት ማታለል በሁሉም ጨዋታ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው። በድምፅ ማታለል ግን በእግር ኳስ ክልክል ነው፤ «ተወው!» ብሎ በመጮኽ ተጋጣሚውን ያዘናጋ ተጫዋች ቢጫ ካርድ ያያል፣ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምትም በቡድኑ ላይ ይሰጣል። ፍጹም ቅጣት ምት በሚመታበት ጊዜ በመንደርደር ላይ ሳሉ ማታለል ተፈቅዷል፤ መንደርደሩ ካበቃ በኋላ የመታ መስሎ መቆም ግን ያስቀጣል። ለግብ ጠባቂ በእግር የሚላክ ኳስን በእጅ መያዝ በ1992 ከተከለከለ ወዲህ፣ ክልከላውን ለማምለጥ ሆን ብሎ ኳስ በእግር አንስቶ በጭንቅላት ለእርሱ ማቀበልም ማስጠንቀቂያ ያመጣል። ራግቢ የማቀበል ማስመሰልን ቢፈቅድም፣ ኳሱ ገና በተጫዋቾች ክምር ውስጥ እያለ እንደወጣ ማስመሰልን ይከለክላል። እነዚህ ክልከላዎች በአንድ ሐሳብ የሚገናኙ ይመስለኛል፤ ተከላካዩ የሚያየውን እንዲመረምር ዕድል ይሰጡታል፤ ሊመረምረው በማይችለው ነገር፣ ማለትም በጓደኛ ድምፅ ወይም ሕጉ ራሱ በሚጠብቀው መነሻ፣ እንዲጠመድ ግን አይፈቅዱም።

ለአሰልጣኞች ስለ ልምምድ ጥቂት ልጨምር። ማታለያን ተከላካይ በሌለበት ሜዳ በኮን ዙሪያ ማስደጋገም ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ኮን አያምንምና። ጥቂት ተከላካዮችን በመሐል አድርጎ በሚደረግ የቅብብል ልምምድ ግን የነጥቡን አሰጣጥ መለወጥ ይቻላል፦ ኳሱ ስላለፈ ብቻ ነጥብ አይሰጥም፤ ኳሱ ከመለቀቁ በፊት ተከላካዩ ወደ ተሳሳተ ወገን እግሩን ካነሳ ነው የሚሰጠው። እንዲህ ሲደረግ ተጫዋቹ የተከላካዩን እግር ማየት ይጀምራል፤ ማታለያውንም ለማን እንደሚሠራ ያውቃል። ብዙም ሳይቆይ ከንቱው ትከሻ ማነቃነቅ ራሱ እየቀነሰ ይመጣል።

ተከላካዮችም ዝም ብለው አይቀመጡም። የበሰሉት መልሳቸው መዘግየት ነው፤ ክብደታቸውን በሁለቱም እግር አስተካክለው፣ ዓይናቸውን በአጥቂው ወገብና በኳሱ ላይ አድርገው፣ ኳሱ እስኪለቀቅ ይጠብቃሉ። ለዚህ ተከላካይ የሚደረግ ማታለያ ሁሉ ኪሳራ ነው፤ የአቀባዩን ጊዜ ይበላል እንጂ እርሱን አያንቀሳቅሰውም። ነገር ግን መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚጠብቅ ሰው የሚነሳው ኳሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ ቀደም ሲል ያሰላናት 0.2 ሰከንድም ያን ጊዜ ከኪሱ ትወጣለች። እንዲህ ያለውን ተከላካይ የገጠመ አቀባይ ፊቱን ሳያዞር፣ ትከሻውን ሳያነቃንቅ፣ ኳሱን በቀጥታና በኃይል ለጓደኛው ሊልክለት ይገባል።

አመሰግናለሁ።